የተመልካች ዕዳ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ለሚኖሩ ምእመናን በምናገለግልበት ደብር፥ አንድ በዕድሜ የገፉ ጸሎት ወዳድ አባት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርበው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «አባታችን፥ ልጆቻችን መስቀል ባለፈ ቍጥር፥ ቅዳሜ በደረሰ ቍጥር መኪናቸውን አስነሥተው ወደ ገጠር ይሄዳሉ። የሚሄዱት ሕመምተኛ ሊጠይቁ አይደለም፤ ገዳም ሊሳለሙም አይደለም። ቅጠሉ የቀላውን ዛፍ፥ ጣራ የለበሰውን የእንጨት ድልድይ፥ ትንንሾቹንም መንደሮች አይተው ሊመለሱ ነው። ይህ ነገር በነፍስ በኩል ምን ይባላል? ኀጢአት ነውን? ከንቱ ድካም ነውን? ወይስ ምንም አይደለም?»

ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበርና፥ የእግዚአብሔርን ሥራ አይቶ መደነቅ ከምስጋና ይቈጠራል ብለን በአንድ ቃል ልናሰናብታቸው ቃጥተን ነበር። ዳሩ ግን ቃሉ ከአፋችን ሳይወጣ አንድ ነገር ያዘን። ዛፉን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ድልድዩን ግን የሠራው ማን ነው? መንደሩንስ ጠርጎ፥ ቀለም ቀብቶ፥ አጥሩን ጠግኖ ያቆየው ማን ነው? ይህ ሁሉ የሰው ላብ ነው። እንግዲህ የተጠየቅነው ፍጥረትን ስለ ማድነቅ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሰው ድካምና የሌላውን ሰው መኖሪያ ለዐይን ደስታ ብሎ የሚመለከት ሰው ምን ዕዳ አለበት የሚል ነው። ይህን ደግሞ ከዚያን ቀን በፊት ከቶ አስበነው አናውቅም ነበር። ድልድዩንም አላየነውም። ሳያዩ መፍረድ ለመምህር ነውር ስለ ሆነ መልሱን አቈይተን ከወጣቶቹ ጋር አብረን ለመሄድ ቈረጥን።

ጊዜው ዘመነ ጽጌ ነበር። በሀገራችን ምድር አበባ ለብሳ ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት ወራት በዚያ አገር ቅጠል የሚረግፍበት ነው። ሜፕል የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ከመውደቁ አስቀድሞ እሳት የነካው መስሎ ይቀላል፤ ከአጠገቡ ያለው ብጫ ይሆናል፤ ጥዱ ግን በመካከላቸው አረንጓዴነቱን እንደ ያዘ ይቆማል። አበባ ሲመጣ ማመስገን የለመድን እኛ፥ ቅጠል ሲሄድ ምን እንደምንል አላወቅንም፤ ዝም ብለን አየን።

ወደ ድልድዩ እንመለስ። ቨርሞንትና ኒው ሃምፕሽር የሚባሉት ሁለት ግዛቶች ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው የኮነቲከት ወንዝ ይፈሳል። በቨርሞንት ብቻ ወደ 100 የሚደርሱ ጣራ ያላቸው የእንጨት ድልድዮች ዛሬም ቆመው ይገኛሉ፤ በፔንሲልቬኒያ ደግሞ ወደ 200 ይደርሳሉ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ድልድይ አይመስሉም፤ ወንዝ ሊሻገር ብሎ በመካከል የቆመ የእህል ጎተራ ይመስላሉ። ግድግዳ አላቸው፤ ጣራ አላቸው፤ በወዲህና በወዲያ አፋቸው ክፍት ነው።

ድልድይ ስለ ምን ጣራ አስፈለገው ቢሉ፥ አንዳንዶች መንገደኛው ከዝናብ እንዲጠለልበት ነው ይላሉ። አንድም፥ ፈረሱ ውኃውን አይቶ እንዳይደነብር፥ በረት የገባ መስሎት እንዲሻገር ነው ይላሉ። አንድም፥ በብርዱ ወራት በረዶ እንዳይከመርበት ነው ይላሉ። እኒህ ሁሉ ከጣራው በኋላ የተገኙ ጥቅሞች ናቸው እንጂ ጣራውን ያሠሩት ምክንያቶች አይደሉም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ጣራው የተሠራው ለተሻጋሪው አይደለም፤ ለተሸካሚው ነው። የእንጨት ድልድይ ክብደቱን የሚሸከመው በግራና በቀኝ በቆሙት በሰያፍ በተጠላለፉት ማገሮች ነው። ዝናብ በማገሮቹ መጋጠሚያ ገብቶ ሲተኛ አይደርቅም፤ ያልደረቀ እንጨት ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ መጋጠሚያም አንድ ቀን ሸክም በበዛበት ሰዓት ይለቃል። ክዳን የሌለው የእንጨት ድልድይ ዕድሜው ከ10 እስከ 20 ዓመት ነው፤ ክዳን ያለው ግን ከተጠበቀ ከ100 ዓመት በላይ ይቆማል። የጣራው ሳንቃና የጎኑ ጣውላ ሲያረጅ ነቅሎ በሌላ መተካት ለመንደር አናጢ የሁለት የሦስት ቀን ሥራ ነው። ማገሩ ከበሰበሰ ግን ድልድዩ ራሱ ጠፋ።

በረዶ እንዳይከመርበት ነው ለሚሉት ደግሞ መልሱ እጅግ ያስገርማል። በቀድሞው ዘመን የብርዱ ወራት ጋሪ መንኰራኵር አልነበረውም፤ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ነበር። ጣራ ያለው ድልድይ ወለሉ ደረቅ ስለሚሆን ያ ጋሪ አይሄድበትም። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ከደጅ በረዶ በአካፋ እየዛቁ በድልድዩ ወለል ላይ ያነጥፉ ነበር፤ ለዚህም ሥራ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ነበረ። ጣራው ከላይ የከለከለውን በረዶ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ያስገባዋል ማለት ነው። ይህን የነገረን ከወጣቶቹ አንዱ ነው፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኛም ሣቅን። በኋላ ግን ስናስበው ያ ሰው ሲነጋ ሳይነጋ፥ መንገደኛው ገና በእንቅልፍ ሳለ፥ እጁ በብርድ ደርቆ በረዶ ሲያነጥፍ ታየን። በድልድዩ ላይ በደኅና ካለፉት ሰዎች ስንቱ ያውቀው ይሆን?

በአሜሪካ ከታወቁት ባለ ጣራ ድልድዮች የመጀመሪያው በ1805 በፊላደልፊያ ከተማ በስኩልኪል ወንዝ ላይ ለመንገደኛ የተከፈተው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሠሪው ቲሞቲ ፓልመር ይባላል፤ ጣራና ግድግዳ ይደረግለት ብለው አጥብቀው የተከራከሩት ግን ሪቻርድ ፒተርስ የሚባሉ ዳኛ ነበሩ። አናጢው የሠራውን ዳኛው እንዲከደን ማሰባቸው ደስ ይላል። ድልድዩን «ዘላቂው» ብለው ሰየሙት። በ1875 በእሳት ተቃጥሎ አለቀ። ስሙን ያወጡት ሰዎች ዝናቡን አስበው ነበር፤ እሳቱን አላሰቡትም።

ከዚያ በኋላ በ1820 አይቲየል ታውን የተባለ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ አንድ አሠራር አስመዘገበ። ይኸውም ትልልቅ ግንድ ሳያስፈልግ፥ ተራ ጣውላዎችን እንደ ወንፊት በሰያፍ አጠላልፎ፥ በየመገናኛቸው በእንጨት ችንካር እየቸነከሩ መሥራት ነው። ይህ አሠራር ታላቅ መሐንዲስ አይፈልግም፤ የመንደር አናጢና የመንደር መጋዝ ይበቃዋል። ድልድዮቹ በየገጠሩ የበዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኛ በእግራችን የተሻገርነው በኒው ሃምፕሽር ያለችውን ኮርኒሽንና በቨርሞንት ያለችውን ዊንዘርን የሚያገናኘውን ነው። ርዝመቱ ከ130 ሜትር ይበልጣል፤ በአሜሪካ ካሉት ረጃጅም የእንጨት ድልድዮች አንዱ ነው። በዚያው ስፍራ ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሦስት ድልድዮች ጎርፍ ወስዷቸው፥ ይህኛውን በ1866 ቤላ ፍሌቸርና ጄምስ ታስከር የተባሉ ሰዎች በ9,000 ዶላር ሠሩት። እስከ 1943 ድረስ ተሻጋሪው ቀረጥ ይከፍልበት ነበር። በመግቢያው ላይ ፈረሱን በእርምጃ እንዲያስኬድ፥ አለዚያ ሁለት ዶላር እንደሚቀጣ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እስካሁን አለ። ፈረስ የሚጋልብ በዚያ የለም፤ ጽሑፉን ግን አላነሡትም።

ወደ ውስጥ ስንገባ ጨለመብን። ጥቂት ቆይቶ ዐይናችን ሲለምድ ማገሮቹ ታዩን፤ እንደ ሰሌን ሥራ ግራና ቀኝ ተጠላልፈው ከወለል እስከ ጣራ ቆመዋል፤ በየመስቀለኛቸው የእንጨት ችንካር አለ፤ በሳንቃዎቹ መካከል ስስ ብርሃን ይገባል፤ ከሥር የውኃው ድምፅ ይሰማል። መኪና ሲያልፍ ወለሉ ይንጓጓል፤ ማገሩ ግን አይነቃነቅም። ከደጅ ሳለን ፎቶግራፍ ያነሣነው ክዳኑን እንደ ነበረ ያን ጊዜ አስተዋልን። ሸክሙን የሚሸከመው ከውስጥ ነው፤ እርሱን ፎቶግራፍ የሚያነሣው ጥቂት ነው።

ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ ሰው የደብተራ ኦሪትን አሠራር ያስታውሳል። በውስጥ ሰማያዊ፥ ሐምራዊና ቀይ ሐር፥ ጥሩ በፍታ ነበረ፤ ከላይ ግን የፍየል ጠጕር፥ የበግ ቍርበት፥ የአቆስጣም ቍርበት ተደርቦበታል። በምድረ በዳ ከሩቅ ያየው መንገደኛ ቍርበት ብቻ ነበር የሚያየው። የከበረው በውስጥ ነው፤ ተራው በደጅ ሆኖ ፀሐይና ዝናብ ይቀበልለታል። ለድልድዩም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ዛሬ ሰው ቍርበቱን ወዶ መምጣቱ ነው። ይህንም ክፉ አንለውም። ውብ ይባልልኝ ብሎ ጣራውን የከደነ አናጢ አልነበረም፤ ማገሩ እንዳይበሰብስ ብሎ ከደነ፤ ውበቱ ከጥንቃቄው ተረፈ። በቤተ ክርስቲያናችንም ማኅሌቱን የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ለመሥዋዕቱ ስንዴ የለቀመችውን እናት ስም የሚጠይቅ ግን አላጋጠመንም።

ከዚያ ወደ ዉድስቶክ ሄድን። መንደሪቱ በመካከሏ ሞላላ ሣራማ አደባባይ አላት፤ በዙሪያው ነጭ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ቆመዋል፤ በየቤቱ ጥግ ለብርዱ ወራት የተፈለጠ ማገዶ ተደርድሯል። ወጣቶቹ የሜፕሉን ዛፍ ወለላ በብልቃጥ ገዙ። ሻጩ እንደ ነገራቸው 40 እጅ የዛፍ ውኃ ፈልቶ ፈልቶ አንድ እጅ ወለላ ይወጣዋል። እዚያም በመንደሩ መካከል ባለ ጣራ ድልድይ አለ፤ ይህ ግን የጥንት አይደለም። በ1969 ሚልተን ግራተን የተባለ ሠሪ በጥንቱ ሥርዐት፥ በእንጨት ችንካር አጋጥሞ፥ በበሬ አስጐትቶ ከወንዙ ላይ ያስቀመጠው ነው። በ1969 ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቷል፤ በዚያው ዓመት በዉድስቶክ በሬ ድልድይ ይጐትት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1974፥ ክፉ ሰዎች እሳት ለቀቁበት፤ ተጐዳ፤ ተጠገነ።

እስከዚህ ድረስ ልባችን ደስ ብሎት ነበር፤ ለጠያቂው አባት የምንሰጠውም መልስ በአሳባችን ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነውን ባንጽፈው በወደድን ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄውን የፈታልን እርሱ ስለ ሆነ እንጽፈዋለን።

ከመንደሩ ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን በኮረብታ ሥር አንድ ቀይ የከብት ቤት አየን። በስተኋላው ዛፎቹ ቀልተዋል፤ በፊቱ ለስላሳ መሬት አለ። ወጣቶቹ «አባታችን፥ እዚህ ጋ ይቁሙልን፤ በካባዎ፥ በመስቀልዎ አንድ ፎቶግራፍ እናንሣዎት» አሉን። ሁለቱን መኪናዎች በእርሻው መግቢያ አቁመን፥ የታሰረውን ገመድ አልፈን ገብተን ቆምን። ሐሰት አንናገርም፤ እኛንም ደስ ብሎን ነበር። ጥምጥማችንን አስተካከልን። አንዱ ወደ ቀኝ አለን፤ አንዱ ወደ ግራ አለን። በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ድርቆሽ የጫነ ትራክተር እየነዳ መጣ። መግቢያው በመኪናችን ስለ ተዘጋ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ፎቶግራፉ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሲያልቅ ወርዶ ከወጣቶቹ አንዱን በዝግታ አነጋገረው። ልጁም ፊቱ ተለዋውጦ ወደ እኛ መጣና «ላሞቹን የሚያልብበት ሰዓት ስለ ደረሰ መኪናውን ዘወር እንድናደርግለት ይለምናል። ደግሞም የቆምንበት መሬት ትናንት የተዘራ ነው ብሏል» አለን።

ወደ እግራችን ተመለከትን። እኛ የገበሬ ልጅ ነን። የተዘራ መሬት ምን እንደሚመስል ፊደል ሳንቈጥር አስቀድመን እናውቃለን፤ በሕፃንነታችን ዘር ረግጠን የቀመስነውን አርጩሜ እስካሁን አንረሳውም። በዚያ ቀን ግን አላየነውም። ልናይ ሄደን ስንታይ ነበርና።

ሽማግሌው አልተቈጣም። እጃችንን ጨብጦ ተሰናበተን። ቢቈጣ ኖሮ በቀለለን። ስለ ምን ቢሉ፥ በመመለሻው መንገድ ላይ ከብዙ ዓመት በፊት ያደረግነው ነገር ትዝ አለንና። በዲቁና ሳለን በላሊበላ በጸሎት ሰዓት አንዲት ነጭ ሴት የፎቶግራፍ መሣሪያ በአንገቷ አንጠልጥላ በደጀ ሰላሙ ብትቆም፥ ምን እንደምትሻ ሳንጠይቅ በመቋሚያ አመልክተን፥ ሰው ሁሉ እየሰማ ገሥጸን አስወጣናት። ኋላ አስጎብኚዋ እንደ ነገረን የመጣችው ጧፍ የት እንደሚገኝ ልትጠይቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ለቅድስናው ስፍራ የቀናን መስሎን ነበር። አሁን ግን እኛው በሰው ማሳ ቆመን፥ ከእኛ እምነት ያልሆነ ገበሬ እኛ ለእርሷ ያላሳየናትን ትዕግሥት አሳየን።

የላሊበላን ነገር ካነሣን ስለ ክዳን አንድ ቃል እንጨምር። የዝናብ ውኃ ድንጋዩን እየበላ ስላስቸገረ በ2008 ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ በብረት ምሰሶ የቆሙ ሰፋፊ መጠለያዎች ተሠሩ። ሰው ለዐይን አይመቹም ብሎ ያዝናል፤ የከተማው ሕዝብም የብረቱ ክብደት ድንጋዩን እንዳይጐዳ ሠግቶ በ2018 ሰልፍ ወጥቷል። ክዳን ለተሸካሚው እንጂ ለዐይን አይደለም ብለናልና ለዐይን አለመመቸቱ ብቻውን አያስነቅፈውም። ሥጋቱ ግን ሌላ ነው፤ ክዳኑ ራሱ ሸክም ከሆነ ጥያቄው ከዐይን አልፎ ከድንጋዩ ይደርሳል። የቨርሞንቱ ክዳን ከዚያው ጫካ ተቈርጦ፥ በዚያው መንደር ሰው እጅ ተሠርቶ፥ ሲያረጅም በዚያው ሰው እጅ የሚለወጥ ነው። ምናልባት በውበትም ቢሆን የሚለያቸው ይህ ይመስለናል።

እኛ በአንድ ማሳ ያደረግነውን ሌሎች በብዛት አድርገውታል። ፖምፍሬት በምትባለው የቨርሞንት መንደር አንድ የግል እርሻ አለ፤ ፎቶግራፉ በየስልኩ ተሠራጭቶ በመጸው ወራት የተመልካቹ ብዛት ጠባቡን መንገድ ይሞላው ጀመር። ሰዎች ከሰው ግቢ ይገቡ፥ ልብስ እየለወጡ ፎቶግራፍ ይነሡ፥ ቈሻሻ ይጥሉ ነበር። በመጨረሻ በ2023 የመንደሩ ሹማምንት ከመስከረም 23 እስከ ጥቅምት 15 ቀን፥ በአውሮፓውያኑ ወር፥ መንገዱን ከነዋሪው በቀር ለሌላ ዘጉት። ሰላም አለበት ተብሎ የሚጐበኘው መንደር ሰላሙን ያጣው ሰላሙን ሊያዩ በመጡት ነው።

ነገር ግን እንግዳ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ ሱቁ የሚከፈተው፥ ማደሪያው የሚሞላው በእርሱ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ የዚያ አገር ሰው ሁሉ በእንግዳ ተማርሯል ማለትም አይደለም። ዳሩ ግን ለወለላው የከፈልነው ገንዘብ የወለላው ዋጋ ነው፤ የኮረብታው፥ የነጩ ቤት፥ የተደረደረው ማገዶ ዋጋ አይደለም። እነዚያን ያየነው በነፃ ነው። በነፃ የተሰጠ ነገር ደግሞ ከተሸጠው ይልቅ ዕዳው ይከብዳል፤ የሚከፈልበት ቀን አልተቈረጠለትምና።

እንግዲያ አንመልከት እንበልን? መጻሕፍት እንዲህ አያስተምሩንም። ከባቢሎን የመጡት መልእክተኞች ንጉሡ ሕዝቅያስ ግምጃ ቤቱን ሁሉ ባሳያቸው ጊዜ ሁሉን አዩ፤ ኋላ ያ የታየው ሁሉ ወደ ባቢሎን ተወሰደ። ይህ አንድ ዐይነት ማየት ነው። ንግሥተ አዜብም ከሩቅ አገር ልታይ ሄደች፤ ጕዞዋን ግን ማንም ነቅፎት አያውቅም፤ ጌታችንም በወንጌል በክብር አነሣት። ልዩነቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ ባዶ እጇን አልሄደችም፤ ጥያቄም ይዛ ሄዳለች። ከዚህም በላይ መጽሐፍ ስላየችው ነገር ሲዘረዝር ቤቱንና ማዕዱን ብቻ አይነግረንም፤ የአገልጋዮቹን አቋቋምና የአሳላፊዎቹን አለባበስ ሳይቀር እንዳየች ይነግረናል። በቤተ መንግሥት ገብቶ አሳላፊውን የሚያይ እንግዳ ስንት ነው? ነህምያም በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ፤ ያየውን ለማንም ሳያወራ ቆየ፤ ሲነጋ ግን ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ሰበሰበ። ሕዝቅያስን የጐበኙት፥ ንግሥቲቱና ነህምያ ሦስቱም በዐይናቸው አዩ፤ ከማየት በኋላ እጃቸው ያደረገው ግን የተለያየ ነው።

በዚያው ጕዞ ባየነው በመጨረሻው ድልድይ ይህን ነገር ደግመን አሰብነው። ባርተንስቪል በምትባል ትንሽ መንደር በ1869 ጎርፍ የወንዙን መሄጃ ለወጠው፤ በ1870 ሳንፎርድ ግሬንጀር የተባለ ሠሪ በአዲሱ መሄጃ ላይ ድልድይ ሠራበት፤ ከደነውም። 141 ዓመት ቆመ። በነሐሴ 28 ቀን 2011፥ በአውሮፓውያኑ ወር፥ አይሪን የተባለው ማዕበል ያመጣው ጎርፍ መሠረቱን በልቶት ድልድዩ ከነጣራው በውኃው ላይ ወድቆ ሄደ። አንድ ሰው በቆመበት ሲቀርጸው ነበርና ያን ሥዕል ዓለም ሁሉ አየው። የመንደሩ ሰዎች በስሚንቶ ሊሠሩት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው በታውን አሠራር፥ ጣውላውን አጠላልፈው፥ ጣራ ከድነው እንደ ቀድሞው አሠሩት፤ በ2013 መጀመሪያም ተከፈተ። ከወጣቶቹ አንዱ «እንግዲህ ይህ ያው ድልድይ ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ ጠየቀን። እንጨቱ አንድም የቀድሞው አይደለም ብንል እውነት ነው፤ የመንደሩን ሰው ብትጠይቀው ግን ድልድያችን ተመለሰ ይልሃል እንጂ ሌላ ድልድይ ተሠራ አይልህም አልነው። እርሱም ፎቶግራፍ ከማንሣቱ በፊት ገብቶ ችንካሮቹን በእጁ ዳሰሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ጠያቂውን አባት ለብቻቸው ጠርተን ያየነውን ሁሉ ነገርናቸው። ልጆቹ ኀጢአት አይሠሩም፤ ነገር ግን የሚያዩትን ነገር ማን እንደሚሸከመው ሳያውቁ እንዳይመለሱ ማስተማር የእኛ ፋንታ ነው አልናቸው። የማሳውንም ነገር አልደበቅናቸውም። እርሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ ቆዩና ቀና ብለው፥ «ታዲያ መሬቱን መልሳችሁ ዘራችሁለት?» አሉን።

አልዘራንለትም። ይቅርታ ጠይቀን፥ እጁን ጨብጠን፥ ወደ መኪናችን ገብተን ነበር የሄድነው።

ስለዚህ በሚመጣው ቅዳሜ እንደ ገና ሄድን። አሁን ከፊት ወንበር የተቀመጡት እርሳቸው ነበሩ፤ በዕድሜያቸው ባለ ጣራ ድልድይ አይተው አያውቁም፤ የኮርኒሹን ስንሻገር መስኮቱን አስከፍተው ወለሉ ሲንጓጓ ዝም ብለው ሰሙ። ከእርሻው ስንደርስ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አርቀን አቁመን ከገመዱ ውጭ ቆምን። ሽማግሌው ገበሬ ከከብት ቤቱ ወጥቶ መጣ። የረገጥነውን ቦታ ራሱ ለስልሶ መልሶ ዘርቶት ነበር፤ በእጁ አመለከተን። ከጥቂት ዘለላ ዘር በስተቀር ምንም አልቀረውም ነበር፤ እርሱንም ከኪሱ አውጥቶ አሳየን። አባታችን እጃቸውን ዘረጉ፤ ጥቂት ሰጣቸው። በመዳፋቸው አሽተው፥ ወደ አፍንጫቸው አቅርበው አሸተቱት፤ ከዚያም ጐንበስ ብለው ከማሳው ዳር አፈር አንሥተው በጣታቸው ፈተጉትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ገበሬውም ነቀነቀ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ ወጣቶቹ ሊያስተረጕሙ ቀረብ ቢሉ ሁለቱም በእጃቸው ተዉ አሏቸው።